የኡበይድ ደም

ፖስታው ከፈረንሳይ የደረሰ ዕለት ናዒማ ምሳ አልወርድላት አለ።

ከድሬዳዋ ተድራ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4 የሚባለው ሰፈር ከገባች ሰባት ዓመቷ ነው። በነዚህ ዓመታት ሆዷን አይቶ ያላንሾካሾከ ጎረቤት የለም፤ የሰው ወሬ መቼም ሥራ አይፈታም። አማቷ እማማ ሐዲጃ ግን ቁርጡን ነገሯት፤ «ልጄ ጤነኛ ነው ከተባለ አንቺ ወደ አባትሽ ቤት፣ እሱም ሌላ ያገባል።»

ሐኪሙ ነገሩን በቀላሉ አስረድቷቸው ነበር። አንዳንድ ወንድ ከወላጆቹ በወረሰው ዘረመል ላይ ትንሽ ልዩነት ይኖርና፣ ሰውነቱ የወንድ ዘር እንዲፈጠር የሚያዘውን ሆርሞን አያመርትም። ላይ ላዩን ሲታይ ምንም አይጎድለውም። የሚታወቀው ደሙ ፈረንሳይ ተልኮ ሲመረመር ነው።

ባሏ ኡበይድ መርፌ ገና ሲያይ ላብ ያጠምቀዋል። ስለዚህ ታላቅ ወንድሙን ሀምዱን ይዞ ሄደ፤ ሀምዱ ለወንድሙ እምቢ ማለት አያውቅበትም። ሲመለሱ ኡበይድ እያፏጨ ገባ። ሀምዱ ሱቁ ደጃፍ ቁጭ ብሎ፣ የሩዙን ጆንያ ዛሬ ተሸካሚ ያንሳው አለ።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ወር ሙሉ ኡበይድን ጭንቀት የሚባል አልነካውም። ናዒማን ያስፈራት ይኸው ነው። እንዲህ የሚተማመን ሰው ስለ ራሱ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው። ከተማው ዳር ሃያብለ ሰፈር ውስጥ ከሌላ ሴት ወልዶ ይሆን? እንቅልፍ አጣች፤ ከሳች።

ፖስታው በደረሰበት ቀን አስር ሰዓት ላይ ቤተሰቡ ሳሎን ተሰበሰበ። የሀምዱ አምስት ልጆች ምንጣፉ ላይ ይላፋሉ። የሀምዱ ሚስት ጠይባ ጅቡቲ ተወልዳ የተማረች በመሆኗ፣ በዚያ ቤት ፈረንሳይኛ የተጻፈ ወረቀት ሁሉ የሚነበበው በእሷ አፍ ነው። ለናዒማም ከእህት ትበልጥባታለች።

«በይ አንብቢው፣» አሉ እማማ ሐዲጃ።

ናዒማ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ጠይባ በዓይኗ አነበበች፤ ደገመችው። ፊቷ በራ።

«ናዒማዬ፣ አልሐምዱሊላህ! አንቺ ምንም የለብሽም!» እንባዋ መጣ። «የዚህ ደም ባለቤት ሰውነቱ ያንን ሆርሞን አይሠራም፤ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የመጣ ነው ይላል። እስከ ዛሬ አንድም ልጅ ሊወልድ አይችልም ነበር። ሁለቴ መርምረነዋል፣ ጥርጥር የለውም ይላል።»

እማማ ሐዲጃ አንገታቸውን ደፉ። ናዒማ ሰባት ዓመት የያዘችው ትንፋሽ ወጣላት።

ኡበይድ ግን አፉን ከፍቶ ወንድሙን ነበር የሚያየው።

«ጠይባ፣» አለ ሀምዱ ቀስ ብሎ፣ «ደሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»