ወንዝ ዳር የተቀመጠው ሰው

ሰውየው አሁንም አልተነሣም። ከማሳው ራስ፣ ወንዙ ከእንጦጦ ወርዶ በሚታጠፍበት ዳር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሩቅ ማያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደቅኗል። አጠገቡ ረጅም ዘንግ ተተክሏል፤ ጫፉ ላይ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

ኢቲቻ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ የሚያየው ዘንጉን ነበር። የተተከለው ልክ ወሰኑ ላይ ነው። ውሻው አጉረመረመ። በእግሩ ገፋ አድርጎ ዝም አሰኘው።

አምና ጎረቤቱን ሰቦቃን ከመሬት የነቀሉት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ባለመነጽር መጣ። ውኃ ለምኖ ጠጣ፤ ልጆቹን አጫወተ። ከዚያ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች መጡ። ከዚያ ባለርስቱ መሬቱን ለከተማ ሰው ሸጠና ሰቦቃ ድስቱንና ዶሮውን በአህያ ጭኖ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ወንድሙ ተሻገረ። ኢቲቻም የሚያርሰው የዚያኑ ባለርስት መሬት ነው፤ የገዛ አባቱ መንጥሮ ያቀናውን፣ ሲሶ እየሰጠ። ወንድም ግን የለውም፤ ቢነቅሉት የሚጠጋበት አንድ ቤት አያውቅም።

ጠዋት ሚስቱ ዲንቄ ወደ ሾላ ገበያ ስትወርድ ነግራው ነበር። “ውሻውን ታች መንገዱ ጋ እሰረው። ክፉ ነገር የሚመጣው በመንገድ እንጂ በገደል አይደለም።” አልሰማትም። ባለመነጽሩን ካየ ወዲህ ታች ያለው ሁሉ ከልቡ ወጥቷል።

በትሩን ጨብጦ ቀረበ።

“እንዴት አደሩ፣ ጌታዬ?”

ሰውየው ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። ወጣት ነው፤ ኮት ለብሷል፤ ጫማው በጭቃ ተለውሷል። “እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባባ። እርስዎስ እንዴት አደሩ? ሠረቀብርሃን እባላለሁ፤ አስተማሪ ነኝ።”

“ምን ጠፍቶብዎት ነው?”

“ምንም አልጠፋብኝም። ወፍ ነው የማየው።”

“ወፍ።”

“ወፍና ቢራቢሮ።”

“ስላዩ ይከፍሉዎታል?”

ወጣቱ ሳቀ። “ኧረ ማን ይከፍለኛል!”

“እንግዲያ ማን ላከዎት?”

“ማንም። ትምህርት እስኪከፈት ብዬ ነው።”

ኢቲቻ ከንፈሩን ነከሰ። ሰው በነጻ ሣር እንኳ አያጭድም። ማንም ያልላከው ሰው በጳጉሜን ጭቃ ኮት ለብሶ ይቀመጣል?

“ይሄስ ዘንግ?”

ወጣቱ ጨርቁን ፈታው። ስስ መረብ ሆኖ ወረደ። “ቢራቢሮ መያዣ ነው። ይዤ፣ አይቼ፣ እለቃለሁ።”

“ይዘው ይለቃሉ?”

“አዎ።”

“እኛ አገር የያዘ አይለቅም። ባለርስታችንን ይጠይቁ።”

ወጣቱ ቀልዱ ደስ አለው። ወደ ወንዙ እያየ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራ ጀመር። አምና ምጽዋ ያስተምር ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወፎቹ ባሕሩን ተሻግረው ይመጣሉ። ደክሟቸው አሸዋው ላይ ይዘረራሉ፤ ትንፋሻቸው ሲመለስ ወደ ደጋ ይወጣሉ። “አንዲት ቢጫ አለች፣ ጅራቷን የምታወዛውዝ። ዘንድሮ ደግሞ እዚህ ሆኜ ልቀበላት አልኩ።”

“ያን ሁሉ ባሕር ተሻግራ የኔን ገብስ ፍለጋ?”

“ገብሱን አትነካም። ትል ነው የምትበላው።”

“ደግ ናት። ሲሶም አትጠይቅም።”

ኢቲቻ ግን አልሳቀም። አፈ ጮሌ ሰው ነው፤ የሰቦቃው ባለመነጽርም አፈ ጮሌ ነበር። አንድ ፈተና ቀርቷል፣ ከአባቱ የወረሰው። ክፉ ያሰበ ሰው ከእጅህ እህል አይቀምስም። የሰቦቃው ባለመነጽር ውኃውን ጠጣ እንጂ ቂጣውን አመመኝ ብሎ መልሷል።

ከጉያው የበሶ ጭብጦ አወጣ። ለሁለት ገምሶ ዘረጋለት።

ወጣቱ መነጽሩን ደቅኖ ነበር። “ይቆዩ፣ አባባ” አለና በእጁ መለሰው።

የኢቲቻ እጅ አየር ላይ ቀረ። በትሩን ጠበቅ አደረገ። ውሻው የጌታውን ፊት አይቶ ብድግ አለ።

“ቢጫዋ መስላኝ፤ ቢራቢሮ ናት ለካ” አለ ወጣቱ መነጽሩን አውርዶ። “ይቅርታ ያድርጉልኝ።” ጭብጦውን በሁለት እጁ ተቀበለ። በላ። መዳፉ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ ሳይቀር ላሰው።

ኢቲቻ ከወገቡ ላይ ሸክም የወረደለት መሰለው። አጠገቡ ቁጭ አለ። “ብላ፣ ልጄ፣ ብላ። ጨው አንሶታል።”

“እርስዎም ይዩ እንጂ።” ወጣቱ መነጽሩን አንገቱ ላይ አጠለቀለት። ወዲያው ክንዱን ያዘው። “መጣች! ውኃው መካከል፣ ድንጋዩ ላይ! ቢጫዋ!”

ኢቲቻ ድንጋዩን አጣው። ቅጠል ብቻ ተተራመሰበት። ዞር ሲል ገብሱ ፊቱ ላይ መጣ፤ ጤዛው ሳይቀር በየዛላው ይታያል። ዕድሜውን ሙሉ ያረሰውን ማሳ እንዲህ አይቶት አያውቅም። መነጽሩን ቀስ እያደረገ፣ እንደሚዳብሰው ሁሉ፣ በትልሙ ቁልቁል አወረደው።

ታች ጉሙ ተገልጧል። መንገዱ ዳር ላንድሮቨር ቆሟል። ገብሱ መካከል ባለ ሦስት እግር የመሬት መለኪያ ተተክሎ አንድ ሰው አጎንብሶበታል። አጠገቡ፣ ጃንጥላ ተይዞለት፣ በዓመት አንዴ በታኅሣሥ ለሲሶው ብቻ የሚመጣው ባለርስት ቆሟል።

“አዩዋት?” አለ ወጣቱ በሹክሹክታ። “እንዳይንቀሳቀሱ፣ አባባ። ትበራለች።”

ኢቲቻ አልተንቀሳቀሰም። በመነጽሩ ውስጥ አንድ ሰው መዶሻ አንሥቶ ቀይ ችካል መታ። ድምፅ አልነበረውም። ክንዱ እንደገና ሲነሣ፣ የመጀመሪያው ምት ዘግይቶ ሽቅብ ደረሰ። ውሻው ጆሮውን አቆመ።