የፈላ ሞተር

የመኪናው ሙቀት መለኪያ ለምን እንደሚያብድ ይገዙ የደረሰበት በጠዋት ነበር። አንድ ሽቦ ላልቷል፤ የፊት መብራቱ ሲበራ ሞተሩ ሳይሞቅ መርፌው ቀዩ ላይ ይሰቀላል።

አመሻሽ ላይ ጎረቤቱ እትዬ ዙቤዳ መጥተው ምጥ የያዛትን ልጃቸውን ሆስፒታል እንዲያደርስላቸው ለመኑት። ቤታቸውን አብዮት ጠባቂዎች የፈተሹት ትናንት ነው፤ ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው የጦር ኃይሎች መንገድ ላይ ደግሞ ኬላ አለ።

ይገዙ ቁልፉን አዙሮ መብራቱን አበራ። «ይኸው ይመልከቱ እትዬ፣ ሞተሩ ፈልቷል። መንገድ ላይ ጥሎን ይቀራል።»

እትዬ ዙቤዳ መርፌውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። ቀኑን ሙሉ ከግቢ ያልወጣ መኪና ነው፤ ብረቱ በረዶ ሆኗል። ይገዙ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

«እውነትህን ነው ልጄ» አሉ፣ እጃቸውን እንደ ተቃጠለ ሰው ፈጥነው ሰብስበው፤ «ይፋጃል። እንዳትነካው።»