ለብቻ የተነሳ ፎቶ

ጥቅምት 14 ቀን 2006፣ ከምሳ በኋላ፣ አንድ መጽሐፍ ገጹን ገልብጬ ስለጠረዝኩ፣ የማተሚያ ቤታችን አለቃ አስናቀ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ፊደል የቆጠረ ሰው ገጽ ይገለብጣል?» አለኝ። ማን ማን እንደሳቀ ዛሬም በስም እጠራለሁ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ወድጄ አልነበረም።

አሁንም እዚያው ነው የምሠራው፤ ሰሞኑን የተማሪዎች መጽሐፍ አድርሱ ተብለን ሳምንቱን ሙሉ ስንንገላታ ሰነበትን። እሑድ የሥራ ጓደኞቼ ከአስናቀ ጋር «አየር እንቀበል» ብለው የረር ተራራን ሊወጡ ሲነሱ ተከተልኳቸው። አሥር ዓመት ያዘጋጀሁትን መልስ ጫፉ ላይ፣ በነዚያው ሰዎች ፊት ልሰጠው ነበር።

አቀበቱ ግን አስናቀን ፈተነው። በየአሥር እርምጃው ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላል።

«ጋሽ አስናቀ፣ ቃሬዛ እናምጣ እንዴ?» አለው አንዱ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ከሁሉም አብልጬ ሳቅሁ።

ጫፍ ደርሰን ሌሎቹ ምሳ ሲዘረጉ፣ አስናቀ እጄን ይዞ ወደ ዳር ወሰደኝና ስልኩን ሰጠኝ።

«እስቲ ለብቻዬ አንሳኝ፤ ፊቴ ሳይከሳ።»

«ለምንህ?»

«ለለቅሶዬ። ሐኪሙ ፋሲካን አታይም ብሎኛል። ቤት ያለው የሠርጌ ፎቶ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምነው እኔን?»

«እነሱ ያለቅሱብኛል። አንተ አታለቅስም።»

ስልኩን ገልብጬ እንዳልያዝኩ ሁለቴ አየሁና አነሳሁት።

«አምሮብኛል?» አለኝ።

ስልኩን መዳፉ ላይ አስቀምጬለት፣ የአሥር ዓመቱን መልስ እንደያዝኩ ቁልቁለቱን ተያያዝኩት።