ድምፅ የሌለው ለቅሶ

አባታችን አጥናፉ የሞተው የእህቴ የረድኤት የዩኒቨርሲቲ ውጤት ሊወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ፈተና ከቀረ ቆይቷል። አሁን ተማሪ የሚመርጠው በየሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰሚ የሚባል ሣጥን ነው። ጩኸት የሚሰማበት ቤት ልጅ ለትምህርት አልተረጋጋችም ይባላል።

ስለዚህ እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች። እኔ ደግሞ፣ ሰው ቀና ብዬ ማየት የማልችለው፣ በር ላይ ቆሜ ለቀስተኛውን ዝም እንዳሰኝ ታዘዝኩ።

የአባቴ እህት እትዬ ብርቄ ከገጠር መጥታ ገና ከአጥሩ “ወንድሜን!” ብላ ስትጀምር አፏን በእጄ ያዝኩ።

“ምን ነካህ አንተ? ወንድሜ እኮ ነው!”

“ለረድኤት ስትይ፣ እትዬ። ሰሚው ይሰማል።”

“እሱ ደግሞ የማን ዘመድ ነው?” አለችና እንባዋን ዋጠች።

ጎረቤታችን አቶ ደምስ እናታቸው የሞቱ ጊዜ አዳራሽ ተከራይተው እንደ ልባቸው አልቅሰዋል። ቤታቸው ጸጥ እንዳለ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ውጤቱ ወጣ። የአቶ ደምስ ልጅ አለፈ። ረድኤት የደረሳትን መልእክት ከስልኳ ላይ ጮክ ብላ አነበበችልን።

“ከቤቱ የታፈነ ለቅሶ በመሰማቱ አመልካቿን መቀበል አልተቻለም።”

እናቴ ተነሣች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ሣጥኑ ፊት ቆመች።

“አጥናፉ!” ብላ ጮኸች። “አጥናፌ!”

እትዬ ብርቄ ደረቷን እየመታች ተቀበለቻት። እኔ ሄጄ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።