እጥፍ ዋት

የጎረቤት ወሬ ይዞ አንባቢ ፊት መቆም ነውር መሆኑ አይጠፋንም። ስለዚህ አስቀድመን ከወንበራችን ተነስተን፣ አንገታችንን ደፍተን ይቅርታ እንጠይቃለን። ነገሩ ግን የድምፅን ሳይንስ የሚነካ ስለሆነ ዝም ብንል ዕውቀት እንደመደበቅ ይቆጠርብናል።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ብሎ የተረተው ሰው፣ ጎረቤቱ አምፕሊፋየር እንዳልነበረው የታወቀ ነው። የመርፌ ጎረቤት ግን ነበረው። መርፌ የሰፈር ስሟ ነው፤ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ ግን አይደለም የወጣላት።

ጎረቤቷ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ብቻውን ይኖራል። ሁለቱን ቤቶች የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው፤ እሱም ቢሆን ለስሙ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ሲጮህበት የኖረ ሰው በስተርጅና ጸጥታ ይወዳል ብላ ስትጠብቅ፣ አንድ ቀን ሻንጣ የሚያህል አምፕሊፋየር አስጭኖ ገባ። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ እዚያው ይቀራል፤ ቤዙ ግን ግድግዳውን አልፎ፣ በስፌት መኪናዋ እግር ወጥቶ ጥርሷ ላይ ይቆማል።

አንድ ጊዜ በሩ ድረስ ሄዳ ነግራዋለች።

«ልጄ፣ ዝቅ አድርጌ እኮ ነው የምሰማው፤» አላት።

«ዝቅ አድርገው ለሚሰሙት ታዲያ ይሄ ጉድ ምን ይሠራል?»

«ትርፍ ጉልበት ሲኖር ነው ደስ የሚለው፤» ብሎ ሳቀ።

እንደ ዛቻ ቆጠረችው። ዳግመኛ ደጁን ላትረግጥ ማለች።

ሰኞ ጠዋት በመስኮት ስታይ፣ ሾፌሩ በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ወጣ። ቀትር ላይ ባዶ እጁን፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ፣ ቆም ቆም እያለ ተመለሰ።

«ሌላ ስፒከር ሊያስጨምር ነው፤» አለችው ባሏን።

ማምሻውን ጀመረ። ድም፣ ድም፣ ድም። ዝም ይላል። ደግሞ ድም፣ ድም፣ ድም። ዘፈን የለው፣ ዜማ የለው።

«ይኸው! አላልኩህም? ደረቅ ቤዝ!»

ባሏ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። «ምስማር እየመታ ይሆናል።»

«ምስማር ሦስት ሦስት ጊዜ እየተቆጠረ ነው የሚመታው?»

«ሄጄ ልጠይቀው?»

«ደጁን ትረግጥና እራትህን እዚያው ትበላታለህ! አጥፊው ማነው? እሱ ይምጣ!»

ባልየው ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ከሚሉት ወገን ነውና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ።

መርፌ መጥረጊያዋን ገልብጣ በእንጨቱ ግድግዳውን ወቀረችው። ከወዲያ በኩል ወዲያው መልስ መጣ፤ ፈጠን፣ በርታ ብሎ፣ ደስ ያለው ይመስል።

«ያሾፍብኛል እንዴ!»

እሷ ስትመታ እሱ ሲመልስ፣ እሷ ስትመታ እሱ ሲመልስ፣ እጇ እስኪዝል አመሸች።

ማክሰኞም እንዲሁ ዋለ። ረቡዕ የሾፌሩ ድመት መስኮቷ ሥር ስታለቅስ ዋለች። «አየህ? ድመቷ እንኳ ጥላው ሸሸች፤» ብላ ትራፊ ሰጠቻት። መርፌ ክፉ ሴት አይደለችም።

ሐሙስ ምቱ ዝቅ አለ። ይዘገያል፣ ይቆራረጣል። ባሏ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ ደረሰችበት።

«ደግሞ ትሰማለታለህ? ዘፈኑ የማን ነው?»

«አላወቅኩትም፤» አለ ባልየው ቀስ ብሎ።

«ፈርቷል! ነገ ደግሞ ልኩን አሳየዋለሁ። ጠላት የሚመታው ሲደክም ነው።»

አርብ ጠዋት ወደ ሐኪሙ ሱቅ ሄደች። ሐኪሙ የሰው ሐኪም አይደለም፤ የታመመ ራዲዮ የሚያክም፣ አዲስም የሚሸጥ፣ «ነገ ና» በማለት የሰፈሩን ሰው በሙሉ ያመላለሰ ነው።

«ሐኪሙ፣ ጎረቤቴ አምፕሊፋየር አለው። የእሱን እጥፍ ስጠኝ።»

«እጥፍ ምን?»

«እጥፍ ዋት ነዋ! አንዴ ከፍቼ ግድግዳውን ልናድበት።»

ሐኪሙ ተማሪ አገኘ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

«እትዬ፣ ዋት ሽማግሌ እንደሚያሞግሰው ሙሽራ ነው፤ የሚወራለትና ያለው አይገናኝም። ካርቶኑ ላይ ሺህ ብለው የሚጽፉት ለዓይን ጥቅሻ ያህል የሚችለውን ነው። መጠየቅ ያለብሽ ‹ሳያቋርጥ ስንት ይሰጣል?› ብለሽ ነው።»

«እሺ፣ የማያቋርጠውን እጥፍ!»

«እጥፍ ብታደርጊውም ለጆሮ ትንሽ ከፍ ማለት ነው። እጥፍ እንዲጮህልሽ ከፈለግሽ ዋቱ አሥር እጥፍ መሆን አለበት።»

«ታዲያ ሰውዬው ያን ሁሉ ጉልበት ምን ያደርግለታል? እሱ እንደሆነ ‹ዝቅ አድርጌ ነው የምሰማው› ይላል።»

«እውነቱን ነው! ቤት ውስጥ አንድ ሁለት ዋት ከበቂ በላይ ነው። የቀረው ለድንገቱ ነው። ዘፈኑ ቀስ ብሎ ሲሄድ ሲሄድ ከበሮው ድንገት ይመታል። ያኔ ትርፍ ጉልበት ያላስቀመጠ አምፕሊፋየር ይታነቃል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል። ሰውም እንደዚያው ነው፤ ለድንገቱ የሚሆን ካላስቀረ…»

«የእሱማ መች ታነቀ! ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳዬን ሲደልቅ ነው የከረመው። አሁን ስወጣ እንኳ ‹ድም› ብሏል፤ አንዴ ብቻ፣ ለአመሉ። ታውቀዋለህ፣ ጡረተኛው ሾፌር፣ ያ ከዘራ የሚይዘው።»

ሐኪሙ መነጽሩን ወደ ዓይኑ መለሰና ከጀርባው መደርደሪያ ላይ የተቀመጠውን አንሶላ ገለጥ አደረገ።

«ሾፌሩ? የእሱማ ሰኞ እንዳመጣው ይኸው እዚህ ተኝቷል፤ ለማክሰኞ ቀጥሬው እስካሁን አልነካሁትም። እባክሽ እትዬ፣ ይህን ለማንም እንዳትናገሪብኝ።»