ምልክቱ

የአበባ እርሻው የኬሚካል መጋዘን ኃላፊ አረቄውን ከመርዞቹ መካከል ይደብቅ ነበር። ማንም እንዳይነካበት ሲል በጠርሙሱ ላይ የአንድ ፀረ ተባይ ስምና በቀይ ክፈፍ የታጠረ የራስ ቅል፣ ያንን ዓለም አቀፉን የመርዝ ምልክት፣ ለጠፈበት።

አንድ ጠዋት ጥበቃው ወንድይፍራው ከንፈሩን እየጠረገ መደርደሪያው ሥር ጠበቀው።

«ይሄን መርዝህን ያወጣችው ሴት ማናት? እጇ ይባረክ! ሦስት ቀን ጠጣሁት፣ ጭራሽ ወዛሁ።»

«በእናትህ ቀስ በል! ሥራ አስኪያጁ ከሰማ እንጀራዬ ተቆረጠ።»

«እንግዲያው ጠርሙሱ አይጉደልብኝ። አንተ ሙላው፣ እኔ አፌን እዘጋለሁ።»

ኃላፊው ጥቂት አሰበ።

«እሺ» አለው። «ነገ ሞልቶ ታገኘዋለህ።»

ወንድይፍራው በተቀበረ ማግስት ተቆጣጣሪ መጣ። ከጠርሙሱ ውስጥ ናሙና ወስዶ አስመረመረ፤ የተለጠፈውንም ስምና ምልክት ከደንቡ ጋር አንድ በአንድ አመሳከረ።

«አንተ ጥፋት የለብህም» አለው በመጨረሻ። «ላዩ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው አንድ ነው። ሁሉም መጋዘን እንዲህ ቢጠነቀቅ!»

ኃላፊው አንገቱን ደፋ።

«ምስኪን» አለ፤ «ምልክት አያምንም ነበር።»