ለሽማግሌ እጅ የነሳው የካርቶን ሮቦት

በሰፈራችን በየዓመቱ ግዙፍ የካርቶን ሮቦት የመሥራት ውድድር አለ። ያሸነፈው ሮቦት ነፍስ ዘርቶ ሰፈሩን ይጠብቃል፤ የሚናገረው ግን በሠሪው ድምፅ ነው፤ ሠሪው ዓመቱን ዲዳ ሆኖ ይከርማል። አምና ያሸነፈው የጎረቤቴ ልጅ እናቱን የሚጠራት የድስት ክዳን እየደበደበ ነበር።

ዘንድሮ የልጅ ልጄ ውዳሴ ገባችበት። «ተይ ልጄ» ብላት፣ «እማማ ደግሞ! ለዓመት ብቻ እኮ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ፍርሃቴ ቢብስብኝ፣ ዳኞቹ ፊት እንዲወድቅ ብዬ የሮቦቱን ጉልበት ተደብቄ በውኃ አራስኩት።

አልወደቀም። ጉልበቱ ቀስ ብሎ ታጠፈና ሽማግሌዎቹ ዳኞች ፊት እጅ ነሳ።

«አቤት አስተዳደግ!» ብለው ዳኞቹ ብድግ አሉ።

ውዳሴ ሮጣ መጥታ ተጠመጠመችብኝ። «እማማ፣ አሸነፍኩ!»

«እስቲ ድገሚልኝ ልጄ» አልኳት፣ ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠግቼ።